የሕፃናት ነፃነትና የወላጅ ኃላፊነት

ለአንድ ሕፃን ምን ያህል ነፃነት ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት የእናትና የአባት የጓዳ ጉዳይ መስሎ ይታያል። ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ግን የመሬት፣ የሥራ፣ የጉርብትና፣ የሕግ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞትና የፍርሃት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ሕፃኑን ከደጅ የሚያወጣውም ሆነ ከደጅ የሚያስቀረው የወላጁ ጠባይ ብቻ ሳይሆን ከበሩ ማዶ ያለው ዓለም ጭምር ነው። ስለዚህም «የዱሮ ልጅ ነፃ ነበር፤ የዛሬ ልጅ እስረኛ ነው» የሚለው የዘወትር እሮሮ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። እሮሮው እውነት አለበት፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። በግማሽ እውነት ሙሉ ፍርድ ሲሰጥ ደግሞ የሚበደል ሰው አይጠፋም።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ይህን እሮሮ ለመመርመር ምቹ ስፍራ ነው። ወንዝና ፋብሪካ፣ አሮጌ የባቡር ሐዲድና በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ ባቡር፣ የጭቃ ቤትና ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጎን ለጎን ይገኙበታል። አያት በወንዝ ዳር፣ ልጅ በቀበሌ ቤት ግቢ፣ የልጅ ልጅ በኮንዶሚኒየም ሰገነት ያደጉበት፣ ሦስት ትውልድ በሦስት ዓይነት ልጅነት ያለፈበት አካባቢ ነው።

* * *

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከከተማዋ ሰሜናዊና ምዕራባዊ ከፍታዎች ተነሥተው፣ አዲስ አበባን አቋርጠው፣ በደቡብ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። አባ ሳሙኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ግድብ ያጠራቀመው ውሃ ሲሆን፣ 6.6 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም የነበረው ጣቢያው ለብዙ ዓመታት ለአዲስ አበባ መብራት ሰጥቷል። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አቃቂ በመንገዱ መጨረሻ ከሚገኙት ጣቢያዎች አንዷ ሆነች። ቆይቶም የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች እየተተከሉ ሲሄዱ፣ ጤፍና ሽምብራ ይበቅልበት በነበረው ጥቁር አፈር ላይ የላብ አደር ከተማ በቀለች።

በዚህ ስፍራ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያደጉ ሰዎች ልጅነታቸውን ሲያወሱ የሚናገሩት ይመሳሰላል። ጠዋት ቁርስ ቀምሰው ይወጣሉ፤ ሲመሽ እናት ከደጃፍ ቆማ ስትጣራ ይመለሳሉ። በመካከሉ ያለው ቀን የእነርሱ ነው። ወንዝ ወርደው ይዋኛሉ፤ ከሽቦ መኪና ይሠራሉ፤ ቸርኬ ይነዳሉ፤ የጨርቅ ኳስ ይጠልዛሉ፤ ጆሮአቸውን በሐዲዱ ላይ ለጥፈው ገና ያልታየውን ባቡር ያዳምጣሉ፤ ከማሳ ዳር የሽምብራ እሸት ነቅለው እየበሉ ባለቤቱ ብቅ ሲል ይበረግጋሉ። ልጃገረዶቹ ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፤ በዕቃቃ ጨዋታ ቤት መሥርተው፣ እንግዳ ተቀብለው፣ ተጣልተውና ታርቀው ቤታቸውን ያፈርሳሉ። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲደርስ ወንዶቹ ጅራፍ እያጮኹና ሆያ ሆዬ እየጨፈሩ ሙልሙል ይሰበስባሉ። እንቁጣጣሽ ሲብት ሴቶቹ አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ሥዕል በየቤቱ ያድላሉ። የመንደሩ በር ሁሉ በዓመት ሁለት ጊዜ በይፋ ለልጆች ይከፈታል፤ በቀረው ጊዜም ቢሆን እምብዛም አይዘጋም።

ይህን ሁሉ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ማየት ስሕተት ነው። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ሕፃናት ጨዋታ በሰጠው ትምህርት እንዳስረዳው፣ ጨዋታ ያለ ሕግ የለም፤ ሕፃኑም ያን ሕግ የሚያከብረው ተገዶ ሳይሆን ወዶ ስለሆነ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው በላይ ቆሞ ይገኛል። ብይ የሚጫወቱ አምስት ልጆች ለዚህ በቂ ማስረጃ ናቸው። ዳኛ የላቸውም። ማን ቀድሞ እንደሚወረውር፣ የትኛው ብይ እንደ ተመታና እንዳልተመታ የሚወስኑት እርስ በርሳቸው ተከራክረው ነው። የሚያጭበረብረው ይወገዛል፤ ይባረራልም። ነገር ግን ያለ እርሱ ጨዋታው አይሞላምና በማግሥቱ ይጠራል። ሕግ ማውጣት፣ መሟገት፣ መሸነፍ፣ መታረቅ፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ደጃፍ ይለመዳል። አዋቂ ሰው በመካከላቸው ገብቶ ፍርድ ቢሰጥ ኖሮ ጠቡ ቶሎ በበረደ፤ ትምህርቱም አብሮ በጠፋ ነበር።

የዱሮው ልጅነት ክብር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ሕፃኑ ገና በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ የራሱ የሆነ፣ እናቱ የማታየው፣ አባቱ የማይመራው፣ በእኩዮቹ መካከል የሚወድቅበትና የሚነሣበት ዓለም ነበረው።

* * *

ይሁን እንጂ ትዝታ የሚያዳላ ምስክር ነው። የሚመሰክረው ከጉዞው የተረፈው ብቻ ነውና። ክረምት ላይ ሞልቶ የመጣ ወንዝ የወሰደው ሕፃን ስለ ልጅነት ነፃነት አይተርክም፤ በአዘቦት ቀን በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በወባ ያለፈውም እንደዚሁ። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ከዚያ በፊት በነበሩት አሠርት ዓመታት የእናቶች ኀዘን ምን ያህል እንደ ነበር ከዚህ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የዱሮ እናት ልጇን ወደ ደጅ ስትለቅ ድፍረቷ ከእምነቷ ጋር የተቀላቀለ ነበር፤ ልጁን የሚጠብቅ እግዚአብሔር ነው ብላ የምታምን፣ በቤት ውስጥ የዋለውም ከሞት እንደማያመልጥ በዓይኗ ያየች ሴት ነበረች።

ከዚህም ሌላ «የዱሮ ልጅ» ሲባል የትኛው ልጅ ነው? ወንድሟ ሊዋኝ ወንዝ ሲወርድ እኅቱ ውሃ ልትቀዳ ወንዝ ትወርዳለች። መንገዱ አንድ ነው፤ ነፃነቱ ግን አንድ አይደለም። እረኛው ቀኑን ሙሉ በሜዳ ይውላል፤ አንድ ጥጃ ከጠፋችበት ግን ማታ የሚጠብቀውን ያውቃል። የቆሎ ተማሪው ገና በለጋ ዕድሜው ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ፣ የመምህር ደጅ ፍለጋ አገር ለአገር ይዞራል። ዝነኛው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ገጠር በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር ተናግሯል። ሜዳሊያውን ያየ ሰው መንገዱን ያመሰግናል። ይሁንና መንገዱ የረዘመው ትምህርት ቤት ስለራቀ ነበር፤ በዚያው መንገድ ደክመው ትምህርታቸውን የተዉትን ግን ማንም አይቆጥራቸውም። እጦትን ነፃነት ብሎ መጥራት ለጠሪው ቀላል ነው፤ ለኖረበት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚታዩት ሁለት ወጣቶች ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ናቸው። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ በእናቱ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ነው። ሰብለ ወንጌል ደግሞ በአባቷ የዘር ኩራት ምክንያት እንደ ውድ ዕቃ ተቆልፎባት የኖረች ናት። አንደኛው የደኻ፣ ሁለተኛዋ የባላባት ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ስለ ራሳቸው ሕይወት አልተጠየቁም። ስለሆነም ልጅን አጥሮ ማሳደግ በኮንዶሚኒየም የተጀመረ ልማድ አለመሆኑን መርሳት አይገባም።

ደግሞም ነፃነቱ ባለበት ቦታ እንኳ አንድ ጊዜ በጉልበት ተነጥቋል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት የአዲስ አበባ እናት ከደጃፍ ቆማ ልጇን ስትጣራ ድምፅዋ ሌላ ትርጉም ነበረው። ወጥቶ መቅረት የሚቻልበት፣ ልጅ ወጥቶ ሬሳው በመንገድ ዳር የሚገኝበት ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ በሩን የዘጉት ወላጆች ብዙዎቹ ዛሬ አያቶች ናቸው። ፍርሃት እንደ ርስት ከትውልድ ወደ ትውልድ እንደሚተላለፍ ለሚያስተውል ሰው፣ የዛሬው ወላጅ ስጋት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ይህ አንዱ ፍንጭ ነው።

* * *

ታዲያ የዱሮው ነፃነት፣ ባለበት መጠን፣ በምን ላይ ቆሞ ነበር? በሦስት ነገሮች ላይ እንደ ቆመ መናገር ይቻላል።

የመጀመሪያው ዋጋ ያልወጣለት መሬት ነው። በቤትና በቤት መካከል፣ በመንደርና በወንዝ መካከል የማንም የሆነ፣ ወይም ባለቤቱ የማይቆጣበት ሜዳ ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ በኋላም የቀበሌ ቤቶች ግቢ ለብዙ ቤተሰብ የጋራ ሆኖ ቆይቷል። አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ፣ አንድ የዛፍ ጥላ ለአምስትና ለስድስት ቤት ይበቃ ነበር። ድህነቱ የማይካድ ነው፤ ልጁ ግን በሩን ሲከፍት የሚያገኘው ጎዳናውን ሳይሆን ግቢውን ነበር።

ሁለተኛው ታላቅ እኅትና ታላቅ ወንድም ነው። ብዙ ልጅ በሚወለድበት ቤት ታናሹን የሚጠብቀው ታላቁ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት ልጅ አዝላ ሰኞ ማክሰኞ ስትዘል ማየት የተለመደ ነበር። በእርስዋ ላይ የተጫነው ሸክም ሌላ ጥያቄ ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት ግን በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው ልጅ በአማካይ 1.8 ደርሷል። ከሁለት ያነሰ ማለት ነው። አንድ ልጅ ያላት እናት ልጇን ከማን ጋር ታውጣው? ደግሞስ አንዱን ብታጣው ምን ቀራት? ቁጥሩ ሲያንስ ፍርሃቱ መብዛቱ የሚያስገርም አይደለም።

ሦስተኛውና ዋነኛው የጎረቤት ዓይን ነው። በአቃቂ የፋብሪካ ሰፈሮች አባት በሌሊት፣ እናት በቀን ፈረቃ ሲሠሩ፣ ልጁ የሚውለው በጎረቤት ዓይን ሥር ነበር። ቧንቧ ላይ ወረፋ የያዘችው፣ ቡና የምትወቅጠው፣ በረንዳ ላይ ጥጥ የምትፈትለው፣ ከደጃፉ ተቀምጦ ጫማ የሚጠግነው፣ እነዚህ ሁሉ ሳይታዘዙና ሳይከፈላቸው ጠባቂዎች ነበሩ። ልጁ ነፃ መስሎት ይሮጣል፤ እንዲያውም ነፃ ነበር። ነገር ግን ከአንዱ ዓይን ወጥቶ ወደ ሌላው ዓይን እየገባ ነበር የሚሮጠው። እናትየው ልጄ የት ነው ስትል የሚመልስላት ሰው አታጣም ነበር።

እዚህ ላይ የማይሸሸግ ነገር አለ። ጎረቤት ዓይን ብቻ አልነበረውም፤ ዱላም ነበረው። የሰው ልጅ ያጠፋውን ልጅ ገርፎ ወደ ቤቱ የሚሰድድ ጎረቤት ይመሰገን ነበር፤ ልጁም ቤቱ ሲደርስ ሁለተኛ ይገረፋል። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ብሂል የዚያ ሥርዓት መርሕ ነበር። በዚያ ዱላ ስንት ሕፃን ያለ ጥፋቱ እንደ ተመታ፣ ስንቱስ ዝም ብሎ በደል እንደ ተቀበለ ማን ያውቃል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያዎች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ ሕጉ የነካው ተቋማትን ቢሆንም፣ ከእርሱ ጋር አብሮ የመጣው አስተሳሰብ የጎረቤትንም እጅ መልሷል። ይህ መሆኑ መልካም ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዱላው ሲቀር ዓይኑም አብሮ ቀረ። «የሰው ልጅ ነው፤ ምን አገባኝ» የሚለው ቃል በመንደሩ ውስጥ ሥር ሰደደ። ልጅን የመምታት መብቱን የተነጠቀው ጎረቤት ልጅን የመጠበቅ ግዴታውንም አብሮ ጣለው።

* * *

የዛሬው አቃቂ ቃሊቲ በእነዚህ ሦስት ነገሮች መፍረስ ላይ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገላን፣ በቱሉ ድምቱና በሌሎችም ስፍራዎች የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተገነቡ። ለብዙ ሺህ ቤተሰብ የራሱ የሚለው ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት ማግኘት ታላቅ ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ማላገጥ የሚችለው በሰው ቤት ኪራይ ያልኖረ ብቻ ነው። ነገር ግን ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ከከተማዋ ከየአቅጣጫው ነው የመጡት። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በሕንፃዎቹ መካከል የተተወው ክፍት ቦታ በአብዛኛው የመኪና ማቆሚያ ሆነ። በአራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት ልጇን ከደጅ ስታወጣ ደጁ ከእርስዋ በጣም ይርቃል።

ወንዙም የዱሮው ወንዝ አይደለም። በላይኛው ከተማ ያሉ የቆዳና ሌሎች ፋብሪካዎች፣ የየሰፈሩ መጸዳጃ ቤቶች የሚለቁትን ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርዳል። አባ ሳሙኤልም የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሆኗል፤ እምቦጭ ወርሮታል። አያቱ ዋናን የተማረበት ውሃ የልጅ ልጁ እግሩን ሊነክርበት የማይገባ ሆኗል። በዋናው መንገድ ደግሞ ጭነት የያዙ ከባድ መኪናዎች ሌትና ቀን ይመላለሳሉ። በአሮጌው ሐዲድ ላይ ባቡር ማለፉ ቀርቷል፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከመሃል ከተማ ተነሥቶ እስከ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ጆሮውን በሐዲዱ ላይ የሚለጥፍ ልጅ ግን የለውም፤ ሐዲዱ የታጠረ ነው። ይህም ልክ ነው።

እንግዲህ የዛሬውን ወላጅ ፈሪ ብሎ መስደብ ፍትሕ አይደለም። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በሰርቪስ መኪና ልኮ በሰርቪስ መኪና የሚቀበለው፣ ማታ አስጠኚ የሚቀጥረው፣ ስልኩን ሰጥቶ ጸጥ የሚያሰኘው ልጁን ስለጠላ አይደለም። አብዛኛው ወላጅ ከጠዋት እስከ ማታ በሥራ ላይ ነው፤ ልጁ የት እንደ ዋለ የሚነግረው ጎረቤት የለውም። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ የዚህ ሕይወት መልክ ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ታየ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሌላ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንዳልነበረው ብዙ ወላጅ የተረዳው በዚያን ጊዜ ነው።

የሆነ ሆኖ ምክንያት ያለው ፍርሃት ሁሉ ትክክለኛ መሪ ነው ማለት አይደለም። ጥያቄው ከዚህ በኋላ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። ወላጅ ልጁን ከአደጋ የመጠበቅ መብቱ እስከ ምን ድረስ ነው?

* * *

ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኤሚል» ሕፃን በተፈጥሮ እጅ መማር አለበት፤ ወድቆ መነሣትን ራሱ ይልመድ ሲል ተከራክሯል። በዚህ አሳቡ የአውሮፓን የልጅ አስተዳደግ አናውጧል። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው የወለዳቸውን አምስት ልጆች ለሙት ልጆች ማሳደጊያ መስጠቱ ይታወቃል። አሳቡ በዚህ ብቻ ውድቅ ባይሆንም አንድ ነገር ያስተምራል፤ ስለ ሕፃን ነፃነት መናገር የሕፃኑን ሸክም ከመሸከም ጋር አንድ አይደለም።

ፖላንዳዊው ሐኪምና አስተማሪ ያኑሽ ኮርቻክ ግን ሸክሙን ተሸክሟል። በዋርሶ የሙት ልጆች ቤት ሲያስተዳድር ልጆቹ የራሳቸው ፍርድ ቤት እንዲኖራቸው አደረገ፤ እርሱም እንኳ በዚያ ሸንጎ ተከስሶ ይቀርብ ነበር። ሕፃን ካሉት መብቶች መካከል የመሞት መብት አንዱ ነው የሚል፣ ለሰሚ የሚዘገንን አሳብም ጽፏል። ትርጉሙ ጭካኔ አልነበረም፤ ወላጅ ሞትን እጅግ ከመፍራቱ የተነሣ ለልጁ መኖርን ሊከለክለው እንደሚችል ማስጠንቀቁ ነበር። ናዚዎች በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. 200 ያህል ልጆቹን ወደ ትሬብሊንካ የሞት ሰፈር ሲወስዱ ትቶአቸው አልሄደም፤ አብሮ ሄዶ አብሮ ጠፋ። ልጅን መልቀቅ ይገባል ያለው ያው ሰው፣ ልጅን ጥሎ መሄድ እንደማይገባ በሞቱ አስረዳ። መልቀቅና መጣል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በአማርኛ ይህን ልዩነት የሚያሳይ አንድ ጥንታዊ ቃል አለ፤ አደራ የሚለው ቃል ነው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ልጅ የወላጅ ንብረት ነው የሚል ሰው ንብረቱ እንዳይሰበር ይጠነቀቃል፤ ጥሩ ጥንቃቄ ማለት ለእርሱ ቁልፍ ማለት ነው። ልጅ አደራ ነው የሚል ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መመለስ አለበት። አደራ የሚጠበቀው ሊመለስ ነው፤ ታዲያ የሚመለሰው ለማን ነው? ለራሱ ለልጁ ነው። ወላጅ ለሃያ ዓመት ያህል የያዘው የሌላ ሰው ሕይወት ነው፤ ባለቤቱ አድጎ ሲመጣ ሊያስረክበው ይገባል። እንግዲህ አደራ በላ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ልጁን ችላ ብሎ ለአደጋ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ልጁን እስከ መጨረሻው ይዞ የማይመልስ፣ ሃያ ዓመት የሞላውን ወጣት መንገድ መሻገርን፣ ለራሱ መሟገትን፣ መሸነፍን ሳያስተምር ወደ ዓለም የሚገፈትር ነው። የመጀመሪያውን ኅብረተሰቡ ይወቅሰዋል። ሁለተኛውን ጥሩ ወላጅ ይለዋል።

ርክክቡም በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም፤ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየተባለ የሚመለስ ነው። መጠኑን ለማወቅ አደጋን በሁለት መክፈል ይጠቅማል። አንዱ ሕፃኑ ራሱ ሊያየውና ሊመዝነው የሚችለው አደጋ ነው፤ የዛፍ ከፍታ፣ የጉድባ ስፋት፣ የእኩያ ጉልበት፣ የጨዋታ ሽንፈት። ይህ አስተማሪው ነው፤ ሊነጠቅ አይገባም። ሁለተኛው ሕፃኑ ሊያየው የማይችለው ነው፤ በውሃ ውስጥ የተቀላቀለ መርዝ፣ በፍጥነት የሚበር የጭነት መኪና፣ ክፉ አሳብ ያለው ሰው። ይህን ማስወገድ የአዋቂዎች፣ ይልቁንም የአስተዳደሩና የመላው ኅብረተሰብ ግዴታ ነው። አዋቂዎች ሁለተኛውን ማስወገድ ሲያቅታቸው ወይም ሲሰንፉ፣ ልጁን ከሁለቱም በአንድነት ያርቁታል። ወንዙን ከማጽዳት ልጁን ከወንዙ መከልከል ይቀላል፤ መኪናውን ከመግታት ልጁን መቆለፍ ይቀላል። በዚህ መንገድ አዋቂው ያጠፋው ጥፋት በልጁ ይከፈላል።

አንድ ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ቆሞ ቢመለከት ሁለት ልጆች ማየት ይችላል። አንደኛው በሰርቪስ መኪና መስኮት አፍንጫውን ለጥፎ የሚያልፍ ተማሪ ነው። ሁለተኛው የሊስትሮ ሣጥኑን አንግቶ በመኪኖች መካከል የሚሹለከለክ የዚያው ዕድሜ ልጅ ነው፤ ከሩቅ አገር ብቻውን የመጣ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያዝዘው ሰው የሌለው። የአጥር አለመኖር ነፃነት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ከሁሉ የላቀ ነፃ በሆነ ነበር። ማንም ጤነኛ ሰው ግን እንዲህ አይልም። የጎደለው የሚወጣበት በር ሳይሆን የሚመለስበት ደጅ፣ ሲመሽ ስሙን የሚጠራ ሰው ነው። ለመስኮቱ ልጅ የጎደለው በተቃራኒው ነው፤ የሚጠራው አለ፤ የሚወጣበት የለም። የሕፃን ነፃነት ሁለቱን ይጠይቃል። መውጫና መመለሻ ያለው ልጅ ነፃ ነው።

* * *

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ በአንቀጽ 31 የሕፃኑን የዕረፍትና የጨዋታ መብት አስፍሯል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን ተቀብላዋለች። ጨዋታ መብት ከሆነ ማስከበር የማን ሥራ ነው?

የከተማ ቦታ የሚመድበው የሥራ ኃላፊ በሁለት ሕንፃዎች መካከል የቀረችውን ባዶ መሬት ሲያይ የሚያስታውሰው ሰው አለ፤ ማመልከቻ መጻፍ የማይችለው፣ በስብሰባ ላይ እጁን የማያወጣው ሕፃን። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአንዳንድ እሑድ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ፣ አስፋልቱን በቅድሚያ የሞሉት ኳስና ብስክሌት የያዙ ልጆች ነበሩ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ቦታ ሲያገኙ ማድረግ የሚገባቸውን ያውቁ ነበር። የሕፃናት መጫወቻዎች መሠራታቸውም የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ልጁ ወደ መጫወቻው በእግሩ ብቻውን መድረስ ካልቻለ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ እንጂ ወጣ አይባልም።

መምህሩ የዕረፍት ሰዓትን ከትምህርት ሰዓት የተረፈ ጊዜ አድርጎ መቁጠሩን ቢተው፣ በልጆች ክርክር መካከል ገብቶ ለመፍረድ ባይቸኩል፣ ለልጁ ሕግን የማውጣት ዕድል ይሰጠዋል። የኪነ ጥበብ ባለሙያውም ድርሻ ቀላል አይደለም። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጆች አባባ ተስፋዬ ያሏቸው፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመታት በላይ ለሕፃናት ተረት ሲያወሩ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ለሌለው ቤት ልጆች በሩን ከፍቶ ነበር። አንድ ተረት ሃያ ልጆችን በአንድ ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ሰብስቧል። ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መስታወት በእጁ ይዟል፤ ተረቱ ሃያ ነው፤ አድማጩ አንድ ነው። ልጆችን እንደገና በአንድ ደጃፍ የሚሰበስብ ተውኔት፣ ተረትና መዝሙር መፍጠር የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ሰው የአደራ ድርሻው ነው።

የሁሉም መጀመሪያ ግን ዓይኑን ያለ ዱላው መመለስ ነው። ለዚህ አዋጅ አያስፈልግም። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች የልጆቹን ስም ቢያውቁ ይበቃል። እናት የስምንት ዓመት ልጇን ዳቦ እንዲገዛ ከአራተኛ ፎቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልክ፣ በሁለተኛው ፎቅ የቆሙት እማማ «የት ነው፣ የኔ ልጅ?» ይሉታል፤ ከታች ያለው ባለ ሱቅ መልሱን ቆጥሮ ይሰጠዋል፤ ዘበኛው መኪና ሲመጣ እጁን ያነሣል። ልጁ ይህን አያስተውልም። ብቻውን የሄደ ይመስለዋል፤ ዳቦውን ታቅፎ ደረጃውን ሲወጣም በዕለቱ ከጠዋቱ ይልቅ አድጎ ነው። እናቲቱም በዚያች ሩብ ሰዓት ከአደራዋ ጥቂቷን ለባለቤቱ መልሳለች።